የአያት ሰዓት የወረሰ ሰው እነዚህን አያድርግ

ጎንደር ፒያሳ ያለው የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሱ የውርስ ሰዓቶች አብዛኞቹ የተጎዱት አያት አስረዋቸው በኖሩባቸው ዓመታት አይደለም። የልጅ ልጅ እጅ ከገቡ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ልጁ ይወደዋል፣ ቶሎ እንዲነሣለት ይጓጓል፣ ያገኘውን ሁሉ ይሞክርበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የስፌት መኪና ዘይት ነው። ሰዓቱ ቆሟል። አንድ ዘመድ «ደርቆ ነው» ይላል። ክዳኑ በቢላ ይፈለቀቃል፣ ዘይቱ በመርፌ ጠብ ይደረጋል። ሰዓቱ ይነሣል፣ ቤተሰቡ ይደሰታል። ብዙም ሳይቆይ እኔ ጋ ይመጣል። ይህ ዘይት ለሰዓት ማሽን የተሠራ ስላልሆነ ባስቀመጡት ቦታ አይረጋም፤ ይሄዳል። የሰዓቱን ፍጥነት የሚወስነው ቀጭኑ ጥምዝ ሞላ ላይ ሲደርስ ጥምዞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ያኔ ሰዓቱ በጣም መቅደም ይጀምራል። አቧራም ይሰበስባል፤ የጎንደርን የበጋ አቧራ ታውቁታላችሁ። ከአሮጌው ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እኛ ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ፈትተን፣ አጥበን፣ ዘንጎቹ በሚሽከረከሩባቸው ትንንሽ ድንጋዮች፣ በየእንቁው ላይ፣ ለዓይን የምታስቸግር ጠብታ ነው የምናኖረው። የአንከሩ፣ ማለትም ጎማውን ጥርስ በጥርስ የሚይዝና የሚለቅ የሹካው፣ ዘንግ ጫፎች ላይ ደግሞ ጨርሶ ዘይት አይደረግም። አንድ የአዘዞ ልጅ የአባቱን ኦሜጋ ይዞልኝ መጣ፤ ዘይቱ የፊቱን ቀለም ሳይቀር አርሶት ነበር። ማሽኑን አጠብኩለት። የፊቱን እድፍ ግን የሚያስለቅቅ ነገር የለኝም። እባካችሁ ተዉት።

ቤንዚን ውስጥ መንከርም ያው ነው። አልኮል ይብሳል፤ የአንከሩን ቀያይ ድንጋዮች የያዘውን ሙጫ ያሟሟዋል።

ሲነቀንቁት ስለተነሣ ብቻ «ደህና ነው» ብሎ ማሰርም ስህተት ነው። ዘይቱ የደረቀ ማሽን በሄደ ቁጥር የራሱን ዘንግ ይበላል።

ሌላው የዓመተ ምህረት ነገር ነው። ሲኮ ፋይቭ ከሆነ ክዳኑን ገልብጣችሁ አንብቡ። ለምሳሌ 6119 ብሎ ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ ሌላ አራት አኃዝ ይኖረዋል። የመጀመሪያው የማሽኑ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የቀፎው። ለብቻው የተጻፈው ረጅም ቁጥር ደግሞ የፋብሪካ ተራ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። በ24 ከጀመረ በ2 በሚያልቅ ዓመት፣ በአራተኛው ወር ተሠርቷል ማለት ነው። አሥር ዓመቱን የሚነግራችሁ ማሽኑ ነው፤ 6119 ስለሆነ 1972 ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ልጆቹ የሚደነግጡት። «እማማ በ64 ነው የተገዛው ይላሉ፣ ሰዓቱ 72 ይላል፣ ፎርጅድ ነው እንዴ?» ይሉኛል። አይደለም። 72ቱ የፈረንጅ ነው። ሚያዝያ 1972 በእኛ 1964 ነው፤ እማማ ልክ ናቸው። በሌላ በኩል ሲኮ ፋይቭ የወጣው በፈረንጅ 1963 ነው። «አያቴ በ1950 ለሠርጉ ያሰረው» ከተባለ ሠርጉ ላይ የነበረው ሌላ ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይቶ መፍረድም አይበጅም። ፊት ይቀየራል፤ ማሽኑን አስከፍታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ቀን ማስተካከያው። ይህን የፈረንጅ መመሪያ አይነግራችሁም። መመሪያው ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ቀኑን አትንኩ ይላል፤ እነሱ እኩለ ሌሊት የሚሉት 12 ላይ ማሽኑ ቀኑን ስለሚገፋ ነው። እኛ ግን ሰዓታችንን የምናስተካክለው በሀገራችን አቆጣጠር ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የራሱን 12 ብቻ ነው። ቀኑ ንጋት 12 ላይ እንዲቀየር ካደረጋችሁት አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆናል። ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ የእኛ ወር ግን 30 ቀን ስለሆነ ወር በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ መግፋት አለ። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን በእንቁጣጣሽ ጠዋት ቁጥሩን 1 ላይ ለማድረስ 26 ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ጥርሱ የተሰበረ የቀን ጎማ ሳይ የማዝነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ አጭሩን የሰዓት ቆጣሪ 6 ላይ አምጡት። ከዚያ ቀኑን ግፉ። ከዚያ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ወደፊት አዙሩ። 6 ላይ ሲሆን ከማሽኑ 12 በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይርቃል።

6119ን ደግሞ በጎኑ ያለውን ቁልፍ በማዞር ለመሙላት አትታገሉ፤ በቁልፍ አይሞላም። በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወዘወዝ አድርጉት፣ ይበቃዋል።

ጥምቀት። ክዳኑ ላይ ውኃ አይገባውም የሚል ጽሑፍ ቢኖርም የተጻፈው ላስቲኩ አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ጸበሉ ሲረጭ የአያት ሰዓት እጅ ላይ አይሁን። እርጥበት ገብቶ መስታወቱ ጉም ከለበሰ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ በዚያው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዳችሁ አስከፍቱት። ዝገት ቀጠሮ አይሰጥም።

በጨለማ ያበሩ የነበሩ አሮጌ ቁጥሮችን አትፋቁ፣ አቧራቸውንም እፍ አትበሉ። እስከ 1960ዎቹ በፈረንጅ በብዙዎቹ ላይ ራዲየም የሚባል ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ነገር ይቀባ ነበር። ራዲየም ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቀለሙ ማብራት ቢያቆምም ጨረሩ አለ። መስታወቱ እስካለ ድረስ ቁጥሮቹን አትንኩ፤ መስታወቱ ከተሰበረ ከልጆች አርቁት።

ሰዓቱን ለሠሪ ስትሰጡ «አዲስ አድርግልኝ» አትበሉ። ይህን ስትሉ ቀፎው ይሞረዳል፣ ጠርዙ ይጠፋል፣ ፊቱ እንደገና ይቀባል። አያታችሁ በየቀኑ ሲያስሩት የተጫረው መስመር አብሮ ይሄዳል፤ ሰዓት ሰብሳቢም ዋጋውን ይቀንስባችኋል። ማሽኑ ብቻ ይታጠብ፣ ላስቲኩ ይቀየር በሉ። የተቀየረ ዕቃ ካለም አሮጌውን በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርጎ እንዲመልስላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩት።