የጨው ከረጢቱ ላይ ቀን ይጻፉ፦ ደም ግፊትን ከወጥ ቤት ጀምሮ ማውረድ

ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁት ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነው። ነርሷ ስትለካኝ 158 በ96 ሆነ። ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም ነበር። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መለካት ነው።

ማሽን ከገዙ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳት እኔ አልወደውም። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ይቅር፤ ሽንትዎንም ይሽኑ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ይረፍ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። 180 በ120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ግን ይህን ጽሑፍ ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። የእኛ ቤት ችግር ጨው የሚገባው አንዴ ብቻ አለመሆኑ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። ወጡ ሊወጣ ሲል እንደገና እንጨምራለን። ገበታው ላይ ደግሞ ሚጥሚጣው ይመጣል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ የተውኩት ድስቱ ላይ የምትነሰነሰውን ቁንጥር ብቻ ነበር። ግፊቴ ንቅንቅ አላለም፤ እኔ ግን "ጨው ትቻለሁ" እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር።

ጉዴን ያወቅሁት በከረጢቱ ነው። 1 ኪሎ ጨው ሲገዙ ቀኑን ይጻፉበት። 4 ሰው ባለበት ቤት በቀን 20 ግራም ቢታሰብ 50 ቀን መቆየት አለበት። የእኛ በሦስት ሳምንት አለቀ፤ ያውም የበርበሬው፣ የሽሮውና የዳቦው ጨው ሳይቆጠር።

መፍትሔው የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ከመሄድ በፊት ነው። እናቴን "እማዬ፣ ዘንድሮ በርበሬው ላይ ጨው እንዳታደርጊበት" ስላት፣ "ጨው የሌለው በርበሬ ይነቅዛል፣ ልጄ" አለችኝ። ሥጋቷን አልናቅሁትም። የዓመቱን በአንዴ ማስፈጨት ትተን የሁለት ወሩን ብቻ፣ በደንብ ካደረቅነው በኋላ እናስፈጫለን፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃም እናስቀምጣለን። ሽሮውንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ጨው የሚገባው ድስቱ ውስጥ ብቻ ነው፣ በማንኪያ ተለክቶ። ቀይ ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ አይሰስቱ። የወጥ ማጣፈጫ ኪዩብ ግን በብዛት ጨው ስለሆነ ቤት ባይገባ ይሻላል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ነገር አልጫ አልጫ ይልብዎታል፤ ምላስ ይለምዳል። ጾም ነው ብለውም አይዘናጉ፤ ሽሮ የጾም ምግብ ነው።

የቀረው የሚታወቅ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ክብደት መቀነስ፣ መጠጥ መቀነስ፣ ጫት መተው። ጎመን፣ ምስር፣ ሙዝና አቮካዶ ፖታሺየም ስላላቸው ይረዳሉ፤ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለወገብ ሕመም የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት እንደሚጨምሩ ብዙ ሰው አያውቅም።

ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርትስ? ነጭ ሽንኩርት ጥቂት ሊያግዝ ይችላል፤ ኪኒን ግን አይተካም። እኔ የሽፈራው ሻይ እየጠጣሁ የላይኛው ቁጥር 128 ሲገባ "አለቀ" ብዬ ሐኪም ያዘዘችልኝን የግፊት ኪኒን በራሴ አቆምኩ። በሦስተኛው ሳምንት 170 በ104 ሆኖ ተገኘ። ለካ ያን ያህል ያወረደው ኪኒኑ ነበር። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ኪኒኑን አስጀመረችኝና ደብተሩን በየቀጠሮው ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ከአምስት ወር በኋላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አይታ መጠኑን በግማሽ ቀነሰችልኝ።