ባቄላው ሳይታጨድ ድረሱ፦ ተማሪና መምህር በምርምር ላይ የሚሳሳቱት

ሰሜን ሸዋ ላይ ሰብል ለሚያጠና ሰው ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የቀን ነው። ፕሮፖዛሉ ጥቅምት ይጻፋል፣ ኅዳር ይገመገማል፣ ታኅሣሥ ይጸድቃል። ርዕሱ የባቄላ ቆርምድ ነው እንበል። በሽታው ቅጠሉን እያሳበጠ የሚታየው በክረምት ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ባሶና ወራና የወረደ ተማሪ የሚያገኘው ክምር ነው። በጀቱም አያግዝም። ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ገበሬው ያኔ ገና ዘር ላይ ነው። ፕሮፖዛሉ ሚያዝያ ላይ ይለቅ፣ ግዥውም ከሰኔ በፊት ይጠናቀቅ። ክረምቱ ላመለጠው ደጋው ላይ የበልግ ገብስ አለለት።

ሁለተኛው መጠይቁ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማሳ ዳር በቃል ይተረጎማል። አንድ ተመራቂዬ ከሞረትና ጅሩ ያመጣውን ዳታ ሳገላብጥ የአንድ አባወራ የስንዴ ምርት በሄክታር ሲሰላ በጣም አነሰብኝ፤ ያውም በዚያ ዋልካ መሬት። ቅጹ «2 ሄክታር» ይላል። ልጁን ብጠይቀው ሰውየው ያሉት «ሁለት ጥማድ» ነው። ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር ስለሆነ ግማሹ ሄክታር አራት እጥፍ ሆኖ ገብቷል። «አባባ፣ መሬትዎ ስንት ጥማድ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ስሌቱን ቤት መሥራት ይሻላል። ለግብር እንዳልሆነም አስቀድሞ መንገር ነው፤ አለዚያ ከብቱም መሬቱም ያንሳል።

የናሙና ቀመር ማምለክም አለ። ከ4000 አባወራ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 364 ይወጣል፤ ሁለት ተማሪዎች በአራት ቀን ይህን አይጨርሱም። ቀሪው ሻይ ቤት ተቀምጦ ይሞላል። በሐቅ የተሞላ 120 ይበልጥብኛል፣ የስህተት ወሰኑ እስከተጻፈ ድረስ።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ፦ ውርጭ ላይ ቆሞ የለካው ልጅ ጽሑፉ ጆርናል ላይ ሲወጣ ስሙ ምስጋና ውስጥ ይቀበራል። እኔም በተማሪነቴ ደርሶብኛል። ጥያቄውን በመቅረጽና በመተንተን የተሳተፈ ተማሪ ደራሲ ነው፤ የስም ቅደም ተከተሉ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይያዝ። ተማሪም አማካሪውን ግንቦት መጨረሻ ላይ ብቻ አያንኳኳ።

ውጤቱን ሳይመልሱ መቅረት የተለመደ ሆኗል። መንዝ ጓሳ አካባቢ ስለ ሳሩና ስለ ቀይ ቀበሮው የምንጠይቃቸው አዛውንቶች «ባለፈውም ጠይቃችሁን ነበር፤ ምን አገኛችሁ?» ይሉናል። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ለቀበሌውና ለልማት ሠራተኛው መስጠት የሚፈጀው ግማሽ ቀን ነው።