ላፕቶፑን ስትዘጉት የሚተኛ ሰርቨር

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር (ሁሌ ክፍት ሆኖ ለሚሠራ ኮምፒውተር የሚሆን የሊኑክስ ሲስተም) ከጫናችሁ፣ ክዳኑን ስትዘጉት ማሽኑ ይተኛል፤ የጀመራችሁት ዳውንሎድ ሁሉ ይቋረጣል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው።

ኢቲሲ ውስጥ ሲስተምዲ የሚለው ፎልደር ግቡና ሎግኢንዲ ዶት ኮንፍ የሚባለውን ፋይል (/etc/systemd/logind.conf) በሱዶ፣ ማለትም በአድሚን ፈቃድ፣ ክፈቱ። «ሃንድል ሊድ ስዊች» ከሚለው ፊት ያለችውን # አጥፉ፤ «ሰስፔንድ» የሚለውን በ«ኢግኖር» ተኩ። ስማቸው የሚቀራረብ ሌሎች መስመሮች ከስሩ አሉ፣ እነሱን አትንኩ። ከዚያ ሪስታርት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሲስተሙ የሰርቨር ቢሆንም ክዳን ሲዘጋ ተኛ የሚለው ትእዛዝ ከፋብሪካው አብሮት ይመጣል። አሁን ደሴ ላይ መብራት ጭልም ቢልም ባትሪው እንደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ እንደሚተካ መጠባበቂያ ባትሪ) ይዞላችሁ ይቆያል።

እየሠራ ግን ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቱት፣ በጣም ይግላል። ሞቃቱ ኮምቦልቻ ያላችሁማ ክዳኑን ገርበብ አድርጉለት።