በረራው ካንስል ሆኖ በሌላ ሄዳችሁ፣ ማይሉ ግን የለም? ችግርና መፍትሄ

ትኬት መቁረጥ ስራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ እና አንድ በረራ ካንስል በሆነ በሳምንቱ ስልኬ ላይ የሚገባው ሜሴጅ ሁሌም አንድ አይነት ነው፦ "ማይሌ አልገባም"። ማይል ስል አየር መንገዶች ለአባሎቻቸው በበረራቸው የሚሰጡትን፣ በኋላ ትኬት የሚወሰድበትን ነጥብ ነው። የአባልነት ቁጥር በትክክል ይጻፍ፣ ጥቂት ቀን ይጠበቅ፣ ፓርትነር (ተባባሪ) አየር መንገድ ከሆነ ሳምንታትም ሊወስድ ይችላል የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ እሱን ዘልዬ ወደ ዋናው ልግባ።

ምልክት፦ በረራው አካውንቱ ላይ አለ፣ ማይሉ ግን ዜሮ ወይም የሚያስቅ ትንሽ ነው

አብዛኛው ሰው ይዞብኝ የሚመጣው ይሄንን ነው። ምክንያቷ አንድ ፊደል ናት፣ ቡኪንግ ክላስ የምትባለዋ፣ ትኬቱ በየትኛው የዋጋ ምድብ እንደተሸጠ የምታሳየዋ። ኢኮኖሚ ማለት አንድ ኢኮኖሚ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሙሉ ዋጋ የከፈለው ዋይ (Y) ነው፣ በቅናሽ የገዛው ሌላ ፊደል፣ የማይል ሰንጠረዡ ደግሞ ለአንዱ ፊደል መቶ ፐርሰንት ይሰጣል፣ ለሌላው ሩቡን፣ ለሌላው ምንም። ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ህብረት ውስጥ ኤክስ (X)፣ አይ (I) እና ኦ (O) የሚባሉት ፊደሎች በማይል ለተወሰደ ትኬት ነው የሚውሉት፣ ኤክስ ለኢኮኖሚ፣ አይ ለቢዝነስ፣ ኦ ለፈርስት። አሁን በረራ ተሰርዞ ሰው ሁሉ ካውንተር ላይ ሲጮህ ኤጀንቷ የምትፈልገው ክፍት ወንበር ነው እንጂ የናንተ ማይል ትዝ አይላትም፣ ክፍት ያገኘችው ፊደል ውስጥ ትከታችኋለች፣ ያቺ ፊደል ኤክስ ከሆነች ሲስተሙ "ይሄ ሰውዬ በነፃ ነው የበረረው" ብሎ ዜሮ ይጽፋል። እናንተ በገንዘባችሁ መግዛታችሁን የሚያይለት ሰው የለም።

አንድ ደንበኛዬ ቢዝነስ ክላስ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ፣ የማታ በረራው ተሰርዞ በፓርትነር ላኩት። ወንበሩ ቢዝነስ፣ እራቱ ቢዝነስ፣ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ያለችው ፊደል ግን አይ። ማይል ዜሮ። ደወለ፣ "የሽልማት ትኬት ማይል አያስገኝም ጌታዬ" አሉት፣ እሱ ስልኩ ላይ ሊፈነዳ ነው። ደረሰኙን ላከ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው የተሰረዘው በረራ ስለሆነ "ከበረሩት በረራ ጋር አይገጥምም" ብለው መለሱለት። ደግሞ ላከ፣ ደግሞ መለሱ። እኔ ጋ ሲመጣ ተናዶ አካውንቱን ሊዘጋው ነበር። ያስተካከልነው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ኢ-ቲኬት፣ ሪቡክ ሲደረግ (በሌላ በረራ ሲያዝለት) የወጣው አዲሱ ኢ-ቲኬት እና ቦርዲንግ ፓሱ፣ ሶስቱንም በአንድ ኢሜይል፣ ከላይ "በረራው የተሰረዘው በአየር መንገዱ ነው፣ ኦሪጅናል ራውቲንግ ክሬዲት እጠይቃለሁ" የሚል ሁለት መስመር፣ በቃ። ያቺን ሀረግ ልመዷት። "ማይሌን ስጡኝ" ስትሉ የመጀመሪያው መልስ ሰጪ አብነቱን ገልብጦ ይልክላችኋል፣ "ኦሪጅናል ራውቲንግ ክሬዲት" ስትሉ ግን ነገሩ ለሚያውቀው ሰው ይተላለፋል፣ ትርጉሙ በረራው ባይሰረዝ ኖሮ ላገኘው የነበረውን ማይል አስቡልኝ ነው።

የኢ-ቲኬት ቁጥር ስል ባለ 13 ዲጂቱን ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ ትኬቱን ያወጣውን አየር መንገድ ያሳያሉ። ባለ ስድስቷን የቡኪንግ ኮድ ብቻ አትላኩ!! ስንት ጊዜ ነው የምለው፣ ኮዷ ከጉዞው በኋላ ከሲስተም ትጠፋለች፣ የትኬት ቁጥሩ ነው የሚፈለገው።

የት ትልካላችሁ የሚለው ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። አባል የሆናችሁት በረራውን በሰረዘው አየር መንገድ ፕሮግራም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ እዛው ጠይቁ። አባልነታችሁ የሌላ አየር መንገድ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ የሚያየው ያበረራችሁ አየር መንገድ የላከለትን መረጃ ብቻ ነው፣ ፊደሏ ኤክስ ብላ ከመጣች ቢያዝንላችሁም ብዙ ጊዜ እጁ የታሰረ ነው። ስለዚህ የሰረዘውን አየር መንገድ ትይዛላችሁ፣ የገዛችሁት ክላስ ይሄ ነበር፣ የቀየርነው እኛ ነን የሚል ደብዳቤ ታስጽፉና እሱን ለፕሮግራማችሁ ታያይዛላችሁ። ያስለፋል፣ ግን ይሰራል፣ ሁሌ ባይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ካውንተሩ ላይ መጠየቅ ነው። ኤጀንቷ ገና እየጻፈች "ክላሱ የድሮው ነው ወይስ ተቀየረ?" በሉ፣ በትህትና፣ ከናንተ በፊት ሃያ ሰው ጮሆባታል። ቦርዲንግ ከመደረጉ በፊት ማስተካከል የደቂቃዎች ስራ ነው፣ ከበረራችሁ በኋላ የሁለት ወር ኢሜይል ነው።

ቦርዲንግ ፓስ አትጣሉ። ፎቶም አንሱት፣ ያኔውኑ። አንዲት እህቴ በጣም ጠንቃቃ ናት፣ ቦርዲንግ ፓሷን ፕላስቲክ ማህደር ውስጥ አድርጋ ሶስት ወር አስቀምጣ አመጣችልኝ፣ አውጥቼ ሳየው ባዶ ነጭ ወረቀት፣ ብርሃን ላይ አዘንብዬ ብቻ የወንበር ቁጥሯን አገኘሁ። የሙቀት ወረቀት ነው፣ ፕላስቲኩ ራሱ ጽሁፉን ይበላዋል። አፕ ላይ ያለውም ቢሆን በረራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ ስክሪንሾት አንሱ።

ምልክት፦ በረራው አካውንቱ ላይ ጭራሽ የለም

አንደኛ፣ ሪቡክ ሲደረግ የአባልነት ቁጥሩ ወደ አዲሱ ቡኪንግ ሳይሻገር ቀርቷል፣ በተለይ ወደ ሌላ አየር መንገድ ስትዛወሩ። አዲሱ ቦርዲንግ ፓስ ላይ ቁጥራችሁ ከሌለ በሩ ላይ ያለውን ሰው አስገቡልኝ በሉት። ካመለጣችሁም አትጨነቁ፣ የጎደለ ማይል መጠየቂያ ፎርም ላይ አዲሱን የትኬት ቁጥር ሞልታችሁ ትልካላችሁ፣ አዲሱን ነው ያልኩት፣ አሮጌውን ሞልቶ "አልተገኘም አለኝ" የሚል ሰው ሰልችቶኛል።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ትኬቱ እንደገና ሳይወጣ በጥድፊያ አሳፍረዋችኋል፣ አሮጌው ኩፖን (ትኬቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ በረራ ያለው ክፍል) "ኦፕን" እንደሆነ ቀርቷል፣ ማለትም በሲስተሙ ዓይን እናንተ አልበረራችሁም። እዚህ ጋ ማይሉ ትንሹ ችግራችሁ ነው። የመሄጃ ኩፖን ሳይጠቀምበት የቀረ መንገደኛ ቀረ ተብሎ መመለሻው ሊሰረዝበት ይችላል! አንድ ሰው ለማይል ብሎ ጠየቀኝ፣ ትኬቱን ስከፍተው መመለሻው ጠፍቷል፣ እሱ ደግሞ በሶስተኛው ቀን ሊመለስ ነው። ስለማይል ባይነጫነጭ ኖሮ ኤርፖርት ላይ ነበር የሚያውቀው። ሪቡክ ከተደረጋችሁ እንደደረሳችሁ መመለሻችሁ በቦታው መሆኑን እዩ፣ ከሌለ ለሰረዘው አየር መንገድ ያኔውኑ ደውሉ፣ ነገ አትበሉ።

አንዳንዴ ደግሞ በወረቀት ዝርዝር ወደ ሌላ አየር መንገድ ያስተላልፏችኋል፣ ያኔ አዲስ የትኬት ቁጥር ላይኖር ይችላል። ያለው ማስረጃ ቦርዲንግ ፓሱ ብቻ ነው፣ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ።

ምልክት፦ ማይል ገብቷል፣ ግን መንገዱ ስላጠረ ቀንሷል

ከለንደን ሂትሮው ወደ ኒውዮርክ ጄኤፍኬ በፍራንክፈርት በኩል ገዝታችሁ በቀጥታው ከላኳችሁ፣ የቀጥታው 3,451 ማይል ነው፣ የፍራንክፈርቱ ከ4,200 በላይ፣ በቀጥታ ሄዳችሁ ቶሎ ስለደረሳችሁ ልዩነቱን አጣችሁ ማለት ነው እንግዲህ። ስታተስ (የአባልነት ደረጃ) በበረራ ብዛት የሚቆጥር ፕሮግራም ከሆነ አንድ በረራም ጎድሎባችኋል። መፍትሄው ያው ኦሪጅናል ራውቲንግ ክሬዲት ነው። ግን ከመጠየቃችሁ በፊት ደምሩ፣ አዲሱ መንገድ ረዝሞ ከሆነ ዝም በሉ፣ ምክንያቱም የድሮውን ሲሰጧችሁ የገባውን ያወጡታል። ሁለቱንም ለመውሰድ፣ ወይም አንዱን በረራ ሁለት ፕሮግራም ላይ ለማስገባት አትሞክሩ፣ አካውንት የሚያስዘጋ ነገር ነው።

በዋጋ የሚያስቡ ፕሮግራሞችም አሉ፣ ዴልታና ዩናይትድ ከ2015፣ አሜሪካን ከ2016 ጀምሮ። እነሱ ጋ ትኬቱ የራሳቸው ከሆነ የከፈላችሁት ነው የሚታየው፣ ፓርትነር ያወጣው ትኬት ሲሆን ግን ወደ ርቀትና ክላስ ይመለሳሉ፣ ስለዚህ አዲሱ ትኬት በማን ቁጥር እንደወጣ እዩ፣ ሶስቷን ዲጂት።

አልፎ አልፎ የማያቸው፦ ሚስተር የሚለው ከስም ጋር ተጣብቆ ስሙ አልገጥም ማለት (ፓስፖርት ላኩ)። ሪፈንድ ተቀብሎ የድሮውን ማይል መጠየቅ፣ አይሰጥም፣ አትድከሙ። የካሳ ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው፣ በአውሮፓው የ261 ደንብ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ብታገኙም ማይላችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።

የመጠየቂያ ጊዜው እንደየፕሮግራሙ ይለያያል፣ ስድስት ወር የሚሉ አሉ፣ ዓመት የሚሉም አሉ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ከበረራችሁበት ቀን ነው። ፎርሙ "ይህ በረራ ቀድሞ ተመዝግቧል" ብሎ ከመለሳችሁ ዜሮ ማይል የገባበት በረራ እንደተመዘገበ ስለሚቆጠር ነው፣ ፎርሙን ደጋግማችሁ አትሙሉ፣ በኢሜይል ግቡ፣ የመጀመሪያውን የኬዝ ቁጥር ይዛችሁ በዛው ላይ መልሱ፣ አዲስ ኬዝ በከፈታችሁ ቁጥር ከሰልፉ ኋላ ነው የምትሰለፉት።