ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ ባክቴሪያንና ፋይቶፕላንክተንን እንዴት መከታተል ይቻላል?

በሞቃታማው የምድር ክፍል ወንዝና ባሕር የሚቀላቀሉበት ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። ስለዚህ እዚያ ወቅቱን የሚለየው ከሙቀት ይልቅ ዝናብ ነው። ለምሳሌ በሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ያኔ ወንዙ ይሞላል፣ ጨዉ ይቀንሳል፣ ጭቃ ይገባል፣ ከማሳና ከከተማ የታጠበ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም አብሮ ይመጣል። ይህ ሁሉ በዓይን የማይታዩትን ነዋሪዎች፣ ማለትም ባክቴሪያንና ፋይቶፕላንክተንን (እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን የሚያድጉ፣ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን)፣ እንዴት እንደሚነካ ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ቦታ ይምረጡ። አንድ ቦታ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፦ አንዱ ጨው ያልደረሰበት፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ከባሕሩ አጠገብ። ሁልጊዜም ወደነዚያው ይመለሱ።

ከዚያ ሰዓቱን ያስተካክሉ። በብዙ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲሞላ የቀዱትና ሲጎድል የቀዱት ናሙና ከአንድ ቦታ ቢወሰዱም የተለያዩ ውሃዎች ናቸው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቀን ለውጥ የወቅት ለውጥ ይመስለዋል።

አሁን ጨዋማነቱን ይለኩ። በእጅ የሚያዝ ሪፍራክቶሜትር (ብርሃን በውሃው ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በማየት ጨዉን የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል። የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የወንዝ ውሃ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከላይም ከታችም ይለኩ። ጨው የሌለው ውሃ ቀላል ስለሆነ ላይ ይንሳፈፋል። ንብርብሩ ካልተበጠበጠ የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል።

ቀጥሎ ብርሃን። ለዚህ በ1865 ጣሊያናዊው ቄስ አንጄሎ ሴኪ የሞከረውን ዲስክ የሚያህል ነገር የለም። ዛሬ የተለመደው 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ በጥቁርና በነጭ የተቀባ ክብ ሰሌዳ ነው። በገመድ ያውርዱት፤ ከዓይን ሲሰወር ጥልቀቱን ይጻፉ። ፋይቶፕላንክተን ለማደግ የሚበቃ ብርሃን የሚያገኘው በግምት እስከዚህ ጥልቀት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ድረስ ነው።

ብዙ ሰው የሚገረመው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ዝናቡ ሲበረታ ምግቡ፣ ማለትም ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ፣ ሞልቷል፤ ፋይቶፕላንክተኑ ግን ሊቀንስ ይችላል። ጭቃው ብርሃኑን ይጋርዳል። ጎርፉም ሴሎቹ ተከፋፍለው ከመብዛታቸው በፊት ጠርጎ ባሕር ውስጥ ይከታቸዋል። በድንገት የሚበዙት ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው፤ ውሃው ይጠራል፣ ረጋ ይላል፣ ምግቡም ገና አላለቀም። ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ካለ ደግሞ ቅርፊታቸውን ከእሱ የሚሠሩት ፋይቶፕላንክተኖች፣ ዳያተሞች፣ ይቀድማሉ።

ባክቴሪያ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ብርሃን አይፈልግም፤ የሚበላው የበሰበሰ ቅጠል፣ የቆሻሻ ፍሳሽና ከፋይቶፕላንክተን የሚወጣ ነገር ነው። ስለዚህ ውሃው ደፍርሶ ፋይቶፕላንክተን ሲጎዳ ባክቴሪያው በጭቃው ቅንጣት ላይ ተለጥፎ ሊደላው ይችላል። ይህን ሲያደርግ ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅንን ጎህ ሲቀድ ይለኩ። ሌሊቱን ሁሉም ሲተነፍስ ስለሚያድር ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ያኔ ነው። ቀትር ላይ ብቻ የሚለካ ሰው ችግሩን ላያየው ይችላል።

ለቆጠራ የፋይቶፕላንክተን ናሙና ላይ የሉጎል አዮዲን (ሴሎቹ እንዳይበላሹ የሚያቆይ የአዮዲን ፈሳሽ) ጠብ ያድርጉ፣ ቀለሙ ቀጭን ሻይ እስኪመስል። ጨለማ ቦታ ያስቀምጡት፣ ሲዘቅጥ በማይክሮስኮፕ ይቁጠሩ። ባክቴሪያን በሳህን ላይ አሳድጎ መቁጠር ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ከመቶ አንዱ እንኳ ላይበቅል ይችላል። በሚያበራ ቀለም አቅልሞ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ መቁጠር ይሻላል፤ ለዚህ ላብራቶሪ ያስፈልግዎታል። በአንድ ሚሊሊትር ሚሊዮን ያህል ቢያገኙ አይደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ጓንት ግን አይርሱ። የኮሌራ ባክቴሪያ በሞቃትና መጠነኛ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ በተፈጥሮው ይኖራል።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ግራፍ ላይ ከዝናቡ ጋር ያስቀምጡ። የዓመት አማካይ አይሥሩ፤ ዋናውን ነገር ይደብቃል። የዝናቡን መጠን ደግሞ ከወንዙ የላይኛው ተፋሰስ ይውሰዱ። የባሕሩ ዳርቻ ፀሐይ ሆኖም ውሃው ከቀናት በፊት ሩቅ ቦታ በጣለ ዝናብ ሊደፈርስ ይችላል።