በሲ ቋንቋ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎችን እንዴት እንደምናነብና እንደምንቀይር

አንድ ፕሮግራም ሲነሳ ባዶ እጁን አይመጣም። ካስነሳው ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ ከሼሉ (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝ ከሚቀበለው ፕሮግራም)፣ የስምና የእሴት ጥንዶች ይወርሳል። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ስትሪንግ (የፊደላት ተከታታይ) ነው፦ ስሙ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ እሴቱ።

መጀመሪያ ማንበቡን እንይ። ጌትኤንቭ (getenv) የሚባለው ፈንክሽን ስሙን ይቀበልና ወደ እሴቱ የሚያመለክት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይመልሳል። ቫሪያብሉ ከሌለ ግን የሚመልሰው ነል (NULL)፣ ማለትም ወደ ምንም የማያመለክት ፖይንተር ነው። ይህን ሳታጣሩ ርዝመቱን ልለካ ካላችሁ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ነል ከሆነ መነሻ እሴት ስጡት። «ፖርት» የሚል ቫሪያብል ካልተሰጠ 8080ን ተጠቀም እንደማለት ነው። ቫሪያብሉ ኖሮ ባዶ የሆነበትም ጊዜ አለ። ያኔ የሚመጣው ነል ሳይሆን ባዶ ስትሪንግ ነውና ሁለቱን ለዩ።

የተገኘው «8080» ቁጥር አይደለም፣ አራት ፊደል ነው። ወደ ቁጥር ለመቀየር ስትርቶልን (strtol) ምረጡ። ሌላው ቀያሪ ኤቶአይ (atoi) «አበበ» የሚል ቢሰጠው እንኳ ዝም ብሎ 0 ይመልሳል፤ ስህተት መሆኑን በምንም አታውቁም።

ቀጥሎ ኮፒ አድርጉ። ጌትኤንቭ የሰጣችሁ ፖይንተር የእናንተ አይደለም። በላዩ ላይ አትጻፉ፣ ፍሪም (free) አታድርጉት፣ ማለትም ሜሞሪውን አትልቀቁት። ኋላ ቫሪያብሉ ሲቀየር ያ ፖይንተር ከንቱ ሊሆን ይችላል። ቆይታችሁ የምትፈልጉት ከሆነ በስትርደፕ (strdup) የራሳችሁን ኮፒ ያዙ።

ቫሪያብሉን ለመቀየር ሴትኤንቭ (setenv) አለ። ስም፣ እሴትና አንድ ቁጥር ይቀበላል። ቁጥሩ 1 ከሆነ የነበረውን ይተካል፤ 0 ከሆነ የነበረውን አይነካም። ተጠቃሚው የመረጠውን ሳትደፈጥጡ መነሻ እሴት ለማስቀመጥ 0 በጣም ይመቻል። ከተሳካ 0፣ ካልተሳካ -1 ይመልሳል። ለማጥፋት አንሴትኤንቭ (unsetenv) ነው። ሁለቱም የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ናቸው፤ ዊንዶውስ ላይ ሌላ ፈንክሽን ያስፈልጋችኋል።

ፑትኤንቭ (putenv) የሚባል ሌላ መቀየሪያም አለ፤ እሱ ላይ ግን ቆም በሉ። ሴትኤንቭ የሰጣችሁትን ኮፒ አድርጎ ይይዛል፤ ፑትኤንቭ ግን ያንኑ ስትሪንግ ራሱን ይወስዳል። አንድ ፈንክሽን ውስጥ የ64 ፊደል አሬይ አውጃችሁ፣ ስሙንና እሴቱን ጽፋችሁበት፣ ለፑትኤንቭ ሰጣችሁት እንበል። ፈንክሽኑ ሲያበቃ ያ ቦታ ለሌላ ሥራ ይውላል። ኢንቫይሮንመንቱ ግን አሁንም ወደዚያው ያመለክታል። ስታነቡት አንዳንዴ ትክክለኛው፣ አንዳንዴ ቆሻሻ ይመጣል። እንዲህ ያለ ስህተት ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። እኔ ሴትኤንቭ ባለበት ፑትኤንቭን አልነካም።

የቀየራችሁት ነገር ያለው በራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምታስነሷቸው ፕሮግራሞች ይወርሱታል፣ ወደ ሼሉ ግን ተመልሶ አይሄድም። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ተርሚናሉ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ሲሞክሩ «አልሠራም» ብለው ኮዱን የሚያፈርሱ ብዙ ናቸው፤ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም።

ሁሉንም ለማየት የጥንዶቹን ዝርዝር የያዘውን ኢንቫይሮን (environ) የሚለውን ቫሪያብል በኤክስተርን (extern) አውጁና ነል እስኪመጣ ድረስ በሉፕ አትሙ።

ፕሮግራማችሁ ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ካለው ቅየራውን ሁሉ ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ሜይን (main) ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ፣ አንድም ትሬድ ሳይነሳ ጨርሱ። አንዱ ትሬድ እያነበበ ሌላው ቢቀይር ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል።