ያገለገለ ልብስ ላይ ሽቶ አትርጩ፤ ቴሌግራም ላይ ስንሸጥና ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ቴሌግራም ላይ አንድ ቡናማ የሱፍ ኮት አየሁ። 1,800 ብር። ፎቶው ያምራል፣ ከሥሩ «ያገለገለ ግን እንደ አዲስ፣ በጣም ንፁህ» ይላል። ሞተረኛው በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ አመጣልኝ። ስፈታው ሳሎኑ በሽቶ ታጠነ። ልጅቷ አስባልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ለብሼው ሥራ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን አንገቴ ዙሪያውን ቀላ። ኮሌታው ያረፈበት ቦታ ብቻ፣ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። ቀጥሎ የእጄ አንጓ፣ እጅጌው የሚነካው ጋ። እናቴ «ምች ነው» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ ጭርት ነው ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት እሱን እየተቀባሁ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ያንኑ ኮት እየደረብኩ ከረምኩ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሰሞኑን አዲስ የለበስሽው ነገር አለ?» የሚል ነበር።

እኔም ያገለገሉ ልብሶች እሸጣለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም እረጭ ነበር። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለገዢም ለሻጭም ነው።

ሽቶ መርጨትን እንደ ማጽዳት መቁጠር

የምናደርገው በክፋት አይደለም። ልብሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ ሻግቷል፣ ወይ የወጥ ቤት ወይ የሲጋራ ሽታ ይዟል፤ ገዢው እንዳይከፋው ብለን ሽቶ እናርከፈክፍበታለን። ግን የድሮው ሽታ የትም አልሄደም፣ ሌላ ተደረበበት እንጂ። አለርጂ ወይም አስም ላለበት ሰው የቁም ሣጥኑ ጠረን በስንት ጣዕሙ! እሱ ቢያንስ ታጥቦ ይለቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 26 አለርጂ የሚያመጡ የሽቶ ንጥረ ነገሮች በመዋቢያ ምርቶች ላይ በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል፣ በ2023 ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። ስለዚህ ሽቶ የገዛ ሰው ጠርሙሱን ወይም ካርቶኑን አንብቦ ራሱን መጠበቅ ይችላል። ሽቶው ኮት ላይ ከተረጨ በኋላ ግን ኮቱ ላይ ምን ተጽፎ ይነበባል? ገዢው የሚያምነው የእናንተን ቃል ብቻ ነው።

«ወዲያው ካላሳከከኝ እሱ አይደለም» ማለት

እኔን ያሞኘኝ ይሄ ነው። አስም ያለበት ሰው ሽቶ ሲሸተው በደቂቃዎች ውስጥ ደረቱ ሊታፈን ይችላል፣ ያ ለማወቅ ቀላል ነው። የቆዳ አለርጂ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። ለዚህ ነው ለምርመራው ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ነገር 48 ሰዓት የሚቆየው፣ ከተነሳ በኋላም ከቀናት በኋላ ተመልሶ የሚታየው። እናንተ ሰኞ ለብሳችሁ ረቡዕ ሲያሳክካችሁ ማክሰኞ የበላችሁትን ትጠረጥራላችሁ። የሽፍታውን ቅርፅ እዩት። የአንገትጌ፣ የብብት፣ የቀበቶ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ ቅርፅ ካለው መልሱ እዚያው ነው።

«ስለምደው ይተወኛል» የሚሉም አሉ። አይተውም። ሰውነት አንዴ አንድን ንጥረ ነገር በጠላትነት ከያዘው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። እንዲያውም በተደጋገመ ቁጥር ይብሳል።

አንድ ጊዜ አጥቦ ማለፍ

ኮቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሲደርቅ ምንም አይሸትም፤ እሰይ እላለሁ። ለብሼው አሥር ደቂቃ ስራመድ ያው ሽታ ይመለሳል። ልታመም ነው ወይስ ቀልቤን አጣሁ እል ነበር።

በኋላ ነው የገባኝ። ብዙዎቹ ጥሩ ሽታ ያላቸው የልብስ ማለስለሻዎች ሽቶውን የሚያስገቡት በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ነው። እንክብሎቹ ክሩ ላይ ይጣበቃሉ፣ ጨርቁ ሲታሽ ደግሞ ይፈነዳሉ። «ለሳምንታት የሚቆይ መዓዛ» የሚባለው ሚስጥሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ያገለገለ ልብስ ስትመረምሩ ዝም ብላችሁ አታሽትቱ። ኮሌታውን በሁለት እጃችሁ በደንብ እሹትና ከዚያ አሽትቱ።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ነፋሻ ቦታ ላይ ለቀናት አሰጣዋለሁ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ስኒ አቼቶ ጨምሬ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ሽቶ በሌለው ሳሙና አጥቤ ሁለቴ አለቀልቃለሁ። አንዳንዱ በዚህ ይለቃል፣ አንዳንዱ አይለቅም። ሶፋና ፍራሽ ከሆነ ስፖንጁ ውስጥ የገባውን ማንም አያወጣውም፤ አለርጂ ካለባችሁ ባትገዙት ይሻላል።

ሳሙና ስትመርጡም «አንሴንትድ» እና «ፍራግራንስ ፍሪ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሽታው እንዳይታወቅ የሚደብቅ ሌላ ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። የምትፈልጉት ሁለተኛውን፣ ሽቶ ያልተጨመረበትን ነው።

አቼቶና በረኪናን መቀላቀል

በፍጹም! ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረታ አድርጌ ላጽዳው ብላችሁ ሳንባችሁን እንዳትጎዱ፣ በተለይ በጠባብ መታጠቢያ ቤት።

የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም ብሎ ማመን

«ኬሚካል የለውም፣ ቅርንፉድ ብቻ ነው ያስቀመጥኩበት» ብላ የጻፈችልኝ ሻጭ አለች። ደግ ሴት ናት። ግን ሐኪሞች የሽቶ አለርጂን ለመመርመር ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች ውስጥ ዋናው የቅርንፉድ ንጥረ ነገር፣ ዩጂኖል፣ አንዱ ነው። የቀረፋውም አለበት። ላቬንደር ከሚባለው አበባ በሚወጣው ዘይት ውስጥ ያለው ሊናሎል የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ከአየር ጋር ሲቆይ ይለወጣል፣ ከተለወጠ በኋላ አለርጂ የማምጣት ኃይሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከተረጨ ቆይቷል ማለት ሁልጊዜ ቀሏል ማለት አይደለም።

ዕጣን ላይ ስደርስ ብዙ ሰው ይቆጣኛል፣ ይገባኛል። ሀበሻ ቀሚስን ዕጣን አጥኖ ማስቀመጥ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፣ እኔም ሽታው ልጅነቴን ያመጣብኛል። የራስሽን ቀሚስ አጥኚ። የምትሸጪውን ግን ተይው፤ አስም ላለባት ሴት ጢስ ጢስ ነው።

ናፍታሊን የነካውን ልብስ ለሕፃን ማልበስ

ይሄኛው ከማሳከክ ያለፈ ነው። አንዳንድ ልጆች ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም አንሷቸው ይወለዳሉ፣ ወላጅ ላያውቅ ይችላል። እነዚህ ልጆች ናፍታሊን መሃል የከረመ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲነካቸው ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ይገረጣሉ፣ ሽንታቸው ይጠቁራል። ይህን ካያችሁ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት። የአውሮፓ ኅብረት የናፍታሊን ብል ማጥፊያን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከገበያ አስወጥቷል፣ እኛ ጋ ግን ገና በየቁም ሣጥኑ አለ። የሕፃን ልብስ የምትሸጡ እባካችሁ፣ ናፍታሊን ከነበረበት አትሽጡት።

«ይሸታል?» ብሎ መጠየቅ

እንዲህ ብትጠይቁ ሻጯ ትቀየማለች፣ «ኧረ በጣም ንፁህ ነው!» ትላችኋለች፣ ያው ታልፋላችሁ። ደግሞም የራስን ቤት ሽታ አፍንጫ ለምዶታል፣ አይሰማም። ከጥያቄው በፊት ምክንያቱን ንገሯት። እኔ የምልከው ይሄን ነው፦ «ሰላም እህቴ፣ የሽቶ አለርጂ ስላለብኝ ነው። በምን ታጠበ? ሽቶ፣ ማለስለሻ ወይ ናፍታሊን ነክቶታል? ካልነካው እባክሽ ምንም ሳትረጪ ላኪልኝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት፤ ብዙዎቹ የሚረጩት ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ ነው። ዕቃው ሲመጣም ሞተረኛው ሳይሄድ ውጭ ክፈቱት።

ኮቱን በመጨረሻ ራሴ ለጠፍኩት። «የሱፍ ኮት፣ አራት ጊዜ ታጥቧል፣ ግን ሽቶ አለቀቀውም፣ አለርጂ ወይ አስም ያለባችሁ አትውሰዱት» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አይገዛም ብዬ ነበር። በማግስቱ አንዲት ልጅ «እኔን ሽቶ አይነካኝም፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብላ በ1,200 ብር ወሰደችው።